የእመቤት ጫማና የጥድ ርጋፊ

ማክሰኞ ሰኔ ሦስት ቀን ትምኒት ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን ሳትቀይር በቀጥታ ወደ ጓሮ ወጣች። አባቷ አቶ ወልደየስ ከአጥሩ ጥግ ተንበርክከው አበቦቻቸውን የዝናብ ውኃ በጣሳ ያጠጡ ነበር። የልጃቸው የሥራ ጫማ እርጥቡን ሣር ሲረግጥ አዩና አንድ ነገር እንዳለ ገባቸው።

«አባዬ፣ አይደንግጡ» አለች።

ጣሳውን አስቀመጡ። ሰው የሚደነግጠው እንዲህ ሲባል ነው።

«አንዲት ኦፊሰር ደውላልኝ ነበር። ዱሩንና ፓርኩን ከሚጠብቁት ናት። ስለ አበባው ልታነጋግርዎት ትፈልጋለች። ሐሙስ በቴን ትመጣለች።»

«በስንት?»

«በቴን። ጠዋት አራት ሰዓት።»

«አራት ሰዓት በይኛ! ስለ አበባው ምን አላት?»

ትምኒት ስልኳን ከኪሷ አወጣች። እሑድ ዕለት አበቦቹን ፎቶ አንስታ፣ የካልጋሪው ሰፈራቸው የኮርነርስቶን ነዋሪዎች በሚጻጻፉበት የፌስቡክ ገጽ ላይ «የአባቴ ልጆች አበቡ» ብላ ለጥፋ ነበር። አራት መቶ ሰው ወደደው። አንዱ ግን ሌላ ነገር ጻፈ። ከከተማው በስተምዕራብ ካለው ጥብቅ ደን ሰሞኑን ይኸው አበባ ከነሥሩ ተነቅሎ ተሰርቋል፤ የተነቀለው ዘጠኝ አገዳ ነው፤ እስቲ በፎቶው ላይ ያለውን ቁጠሩ፣ ይላል።

አቶ ወልደየስ መቁጠር አላስፈለጋቸውም። በየቀኑ ይቆጥሩታል። ዘጠኝ ነው።

«ሌባ ብለውኛል» አሉ።

«ኖ፣ አባዬ፣ ማንም እንደዛ አላለም። ጀስት ጥያቄ ነው።»

«ቁጠሩ ማለት ሌባ ማለት ነው።»

አበባው ቁመቱ እስከ ጉልበት ነው። ቅጠሉ ሰፊና ጸጉራም ነው፤ ባዶ እጅ ሲነካው ያሳክካል። በእያንዳንዱ አገዳ ጫፍ ላይ ሆዱ የተነፋ፣ አፉ የተከፈተ፣ የሕፃን ጫማ የመሰለ ቢጫ ነገር ይንጠለጠላል፤ በግራና በቀኙ እንደ ጫማ ማሰሪያ የተጠማዘዙ ሁለት ቡናማ ቅጠሎች አሉት። የዚሁ የካናዳው የአልበርታ ተወላጅ ነው። ብርድ አይገድለውም፤ እንዲያውም ካልበረደው አያብብም። ፈረንጆቹ የእመቤት ጫማ ይሉታል። የአቶ ወልደየስ ባለቤት ወይዘሮ ኣስካሉ ግን እመቤት አንዲት ናት ብለው የእመቤታችን ጫማ አሉት፤ በአጠገቡ ሲያልፉም ያማትባሉ።

አቶ ወልደየስ ተክሉን የገዙት በቅዳሜ ገበያ ከአንድ ፈረንጅ ሽማግሌ ነበር። ሽማግሌው ከዘር ነው ያሳደገው። ዘሩ እንደ አቧራ ነው፤ እስኪያብብ ስምንት ዓመት ይፈጃል ብሏቸዋል። ሦስት እግር ሸጠላቸው። ሥሩን እንደ ሸረሪት እግር ዘርጉት፤ እምቡጡ ላይ ከሁለት ጣት በላይ አፈር አትጫኑ፤ ፍግ አትስጡት፤ ላዩን የጥድ ርጋፊ አልብሱት፤ አንዴ ከተከላችሁት አታነቃንቁት አለ። የተባሉትን ሁሉ በደብተር ጻፉ። አቶ ወልደየስ የተማሩት አስመራ ውስጥ በአማርኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። መምህራቸው ቀን የሌለው ጽሑፍ ጽሑፍ አይደለም እያለ በማስመሪያ ይመታቸው ነበር። ስለዚህ ቀን ሳይጽፉ ምንም አይጽፉም።

ከዚያ ወዲህ ለተክሉ ያልሆኑለት ነገር የለም። በጥር ወር ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ መጥቶ በረዶውን ባንድ ቀን ሲያቀልጠው፣ ተክሉ ብርዱ አለፈ ብሎ እንዳይታለል ከመኪና መግቢያው ላይ በረዶ በአካፋ እየዛቁ ወስደው ያለብሱታል። ጎረቤት በረዶ ከግቢው ሲያወጣ እሳቸው ያስገባሉ። ከሦስቱ እግር ዘጠኝ አገዳ ያገኙት እንዲህ ሆነው ነው።

አሁን ግን ያን ሁሉ የሚመሰክር ሰው አልነበረም። ሽማግሌው ከሞተ ሦስት ዓመት አለፈው። ደረሰኝ አልሰጠም። በዚያ ላይ አቶ ወልደየስ ባለፈው ቅዳሜ እዚያው ጥብቅ ደን ውስጥ ነበሩ። በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ ዱር የበቀለውን ሊያዩና ከራሳቸው ጋር ሊያስተያዩ ይሄዳሉ። መኪና ማቆሚያው ላይ ካሜራ አለ።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ጋራዡ ውስጥ ነበር። አንድ ከረጢት የጥድ ርጋፊ። ከዚያ ደን ያመጡት። በየዓመቱ አንድ ከረጢት ይሞላሉ። መግቢያው ላይ እጅ አበባ ሲቀጥፍ የሚያሳይ፣ በቀይ መስመር የተሰረዘ ሥዕል ተተክሏል። ሥዕሉን አይተውታል። የረገፈ ነገር መቅጠፍ አይባልም ብለው ራሳቸውን አሳምነው ነበር። ማክሰኞ ማታ ግን ያ ሥዕል ከዓይናቸው አልጠፋ አለ።

«ሰኔ 19 ምን ቀን ነው?» አሉ እራት ላይ።

ትምኒትና ወይዘሮ ኣስካሉ ተያዩ። ሁሉም ያውቁታል። አቶ ወልደየስ ለዜግነት ቀኝ እጃቸውን አንስተው የሚምሉበት ቀን ነው። ቤተሰቡ ካናዳ ከገባ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ሚስትና ልጅ ዜግነቱን ከወሰዱ ቆዩ። እሳቸው ግን ወረቀት ይፈራሉ። ልጅ ሳሉ ወረቀት የያዘ ሰው በር ባንኳኳ ቁጥር ከሰፈሩ አንድ ሰው ይጎድል ነበር። በኋላ አዲስ አበባ በኖሩበት ዘመን፣ የቤታቸው ቋንቋ አማርኛ ሆኖ የቀረበት ዘመን ማለት ነው፣ ወረቀት የያዘ ሰው ሲመጣ በኋላ በር መውጣት ለምደው ነበር። ትምኒት ለምና፣ ተቆጥታ፣ ቅጹን ራሷ ሞልታ ነው እዚህ ያደረሰቻቸው።

«ስሜ በሌባ መዝገብ ከገባ ያን ቀን እጄን አላነሣም» አሉና ከማዕድ ተነሡ።

ረቡዕ ሙሉጌታ መጣ። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ አየር ማረፊያው ውስጥ ከአቶ ወልደየስ ጋር ዘጠኝ ዓመት አውሮፕላን አጽድተዋል። ሁለቱም አሁን ጡረታ ናቸው። ቅዳሜም አብረው ነበሩ።

«ወልዴ!» አለ ከበሩ። «በሸበጥ ተከሰስክ አሉ!»

«ድምፅህን ቀንስ።»

«ማን ይሰማኛል? ጎረቤትህ አማርኛ ከየት ያመጣል?» ተቀመጠና እግሩን ዘረጋ። «መቼም የቅዳሜው መኪና ያንተ ነው። እኔ ተሳፋሪ ነኝ። ከጠየቁኝ ተኝቼ ነበር እላለሁ።»

«ተኝተህ ነበር።»

«ይኸው! እውነተኛ ምስክር አገኘህ።»

አቶ ወልደየስ አልሳቁም። መንገዱን በመስኮት ያያሉ። የደን ጠባቂዎቹን መኪና የመሰለ ነጭ ፒክአፕ ባለፈ ቁጥር ከወንበራቸው ብድግ ይላሉ። ሙሉጌታ ይህን አየና ቀልዱን ተወው።

«ስማኝ» አለ። «ንቀለውና ጣለው። ነገ ስትመጣ ባዶ መሬት ታገኛለች።»

«ፎቶው አለ።»

«ደረቀ ትላለህ። አበባ አይደርቅም እንዴ?»

ወይዘሮ ኣስካሉ ከጓዳ ብቅ አሉ። «የእመቤቴን ጫማ ነቅሎ የሚጥል እዚህ ቤት የለም!»

«እትዬ ኣስካሉ፣ እመቤታችን ጫማ አይቸግራትም። እኛ ግን ሌላ ወልዴ የለንም።»

«አፍህን!» አሉት፤ ግን እሳቸውም ፈርተው ስለነበር ሻይ ሳይሰጡት ተመለሱ።

ያን ቀን አቶ ወልደየስ ከረጢቱን ከጋራዥ አውጥተው ከደረጃው ሥር ከተቱት። ከደረጃው ሥር አውጥተው ከልብስ ማጠቢያው ማሽን ኋላ ሸጎጡት። ቤቱ ጥድ ጥድ ሸተተ። ፈርተው መልሰው ጋራዥ አስገቡት።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ አካፋውን ይዘው ወጡ። ሰማዩ ነጥቷል፤ ከአየር ማረፊያው የተነሣ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ አለፈ። አካፋውን ከመጀመሪያው እግር አንድ ክንድ ራቅ አድርገው ተከሉና ረገጡት። አፈሩ ለስላሳ ነው፤ ሰባት ዓመት ሲያለሰልሱት ኖረዋል። ብረቱ ሁለት ጣት ያህል ገባ። ከዚያ በታች ሥር እንዳለ ያውቃሉ። እግራቸው አካፋው ላይ እንዳለ ቆሙ።

ብነቅለው ይሞታል። ባልነቅለው ይነቅሉታል። ብነቅለው ደግሞ ሌባ ባይሆን ለምን ነቀለ ይላሉ።

አካፋውን አወጡና አፈሩን በእጃቸው መልሰው ደለደሉ። ብረቱን በጨርቅ ወልውለው ግድግዳው ላይ ሰቀሉት። ከዚያ አዩት። በዚህ ጓሮ ንጹሕ ሆኖ የተሰቀለ ዕቃ እሱ ብቻ ነበር። የተወለወለ አካፋ ያስጠረጥራል ብለው አወረዱትና መልሰው አፈር ቀቡት።

ኦፊሰሯ ከአራት ሰዓት አራት ደቂቃ በፊት ደረሰች። ረጅም፣ ጸጉሯን ወደ ኋላ ያሰረች፣ አረንጓዴ መሰል የደንብ ልብስ የለበሰች ወጣት ናት። በነጩ ፒክአፕ ጀርባ ላይ ጥቁር የፕላስቲክ ሣጥንና ሁለት አካፋ አለ። አቶ ወልደየስ ከሰላምታው በፊት ያዩት አካፋዎቹን ነው።

በጎን በር ወደ ጓሮ ገቡ። ትምኒት በመካከላቸው ቆማ ታስተረጉማለች። ወይዘሮ ኣስካሉ አንድ ቃል እንዳይናገሩ ተነግሯቸው ከጓዳው በር ላይ ቆመዋል።

ኦፊሰሯ ተቀምጣ አበቦቹን ያለ ችኮላ አየቻቸው። ቆጠረች። ጻፈች።

«ቅዳሜ ዕለት ደኑ ውስጥ ነበሩ?»

«ነበርኩ።»

«ለምን?»

«ለማየት።»

«ተክል ይዘው ወጥተዋል?»

«ተክል አልወሰድኩም» አሉ አቶ ወልደየስ። እውነት ነው። ግን ከአፋቸው ሲወጣ እንደ ውሸት ጎረበጣቸው። ዓይናቸው ወደ ጋራዡ በር ሄዶ ተመለሰ። አይታቸው ይሆን?

«እነዚህስ መቼ ተተከሉ?»

ይህን ጥያቄ ሲጠብቁት ነበር። ደብተራቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው የመጀመሪያውን ገጽ ገለጡና በጣታቸው አሳዩ። መስከረም 12 ቀን 2011 ዓ.ም.። ፊደሉን ማንበብ ባትችልም ቁጥሩን አነበበች።

«ቱ ታውዘንድ ኢለቨን?» አለች በቀጥታ ለእሳቸው።

«የስ» አሉ።

«እርግጠኛ ነዎት? 2011?»

«የስ፣ የስ።» ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ አስተርጓሚ ስለመለሱ ትንሽ ልባቸው ሞላ።

ጻፈች። ከዚያ ካናዳ መቼ ገቡ አለች። ትምኒት 2013 አለች። ይህ ቤት መቼ ተሠራ አለች። ትምኒት 2018 አለች። ካለች በኋላ ቀለሟ ተለወጠ።

ኦፊሰሯ እስክሪብቶዋን አቆመች። «እንግዲህ ይህን አበባ እዚህ የተከሉት ካናዳ ሳይገቡ፣ ቤቱም ሳይሠራ ነው ማለት ነው?»

ትምኒት አስተረጎመችው። አቶ ወልደየስ ወደ ደብተሩ ጎንበስ አሉ። ቁጥሩን አዩት፤ የራሳቸው ጽሕፈት ነው። ትክክል ነው። ሴትዮዋ ያለችውም ትክክል ነው። ሁለቱ እንዴት ባንድ ላይ ትክክል እንደሚሆኑ አእምሯቸው አልገለጥላቸው አለ። የስ ብለዋል፤ ያውም ሁለት ጊዜ። በወረቀት ፊት አዎ ያለ ሰው በምን ይመለሳል?

«አንተ ሰውዬ!» የሚል ድምፅ ከጓዳው በር መጣ። ወይዘሮ ኣስካሉ መታገሥ አቅቷቸው ነበር። «ያንተ 2011 የእነሱ ስንት ነው?»

ትምኒት ግንባሯን በመዳፏ መታች። «ኦ ማይ ጋድ። ካሌንደሩ!»

ሰዓቱን ከፈረንጅ ወደ ሐበሻ ሲለውጡ የኖሩ ሰዎች ዓመቱን ረሱት። ትምኒት በፍጥነት አስረዳች። የእኛ ዘመን አቆጣጠር ከእናንተ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ነው፤ ስለዚህ ይህ 2018 ነው፤ ቤቱን እንደገዛን ነው የተከሉት።

ኦፊሰሯ ሰማች። ፊቷ ክፉ አልነበረም። ደብተሩን ወስዳ ወደ መካከል ገለጠች፤ ሰኔ 6 ቀን 2012 የሚል ገጽ ላይ ቆመች።

«ሰባት ከሆነ ይህ 2019 ነው።»

«ኖ፣ እሱ 2020 ነው» አለች ትምኒት። «እዚያ ላይ ስምንት ነው የሚደመረው።»

«አንዱ ገጽ ላይ ሰባት፣ አንዱ ገጽ ላይ ስምንት?»

«አዲስ ዓመታችን መስከረም ስለሆነ... ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሰባት ነው፤ ከዚያ በኋላ... ዩ ኖ...» ትምኒት ጣቶቿን እየቆጠረች ተምታታባት። በፍርሃት የተነገረ እውነት ከውሸት አይለይም። አቶ ወልደየስ የሴትዮዋን ዓይን እንጂ የልጃቸውን ቃል አልተከታተሉም። ዓይኗ ወደ ፒክአፑ ሄደ።

«ይቅርታ» አለች። «አንዱን እግር አውጥተን ሥሩን ማየት ይኖርብናል። ሰሞኑን የተቆረጠ ሥር ያስታውቃል።»

ትምኒት ለማስተርጎም አልቸኮለችም፤ አቶ ወልደየስ ግን ሥር የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ያውቁታል። አበባው ተከፍቶ ሳለ ሥሩ ከተነካ አለቀለት። ሦስቱም ተያይዘዋል፤ አንዱን ማውጣት ሁሉንም ማውጣት ነው። የአጥሩን እንጨት ያዙ። ደብተሩ በሴትዮዋ እጅ እንደተገለጠ ነው። ሰኔ 6። ከራቀ ቦታ እንኳ ያንን ገጽ ያውቁታል፤ የጻፉት ትከሻቸው ተመትቶ ሳለ ስለነበር መስመሩ ተንጋዷል።

«ሄይል» አሉ፤ በረዶ ማለታቸው ነው።

ሴትዮዋ ዞረች።

«ሄይል! ቢግ!» እጃቸውን ጨብጠው አሳዩዋት። ሰማዩን አሳዩ። የቤቱን ግድግዳ በቡጢ መቱ። «ሳተርዴይ!»

ኦፊሰሯ ወደ ገጹ ተመለሰች። «ቅዳሜው? የ2020ው?» አለች በዝግታ። በካልጋሪ ሰሜን ምሥራቅ የሚኖር ሰው ያን ቅዳሜ አይረሳም። «የእናቴ ቤት ከዚህ ማዶ ነው። ጣራው ወንፊት ሆኖ ነበር።» ደብተሩን ለትምኒት ሰጠቻት። «እስቲ አንብቢልኝ። ሳትጨምሪ።»

ትምኒት አነበበች። እያንዳንዷን ዐረፍተ ነገር ወደ እንግሊዝኛ እየመለሰች ነበር።

«ሰኔ 6 ቀን 2012 ዓ.ም.። ቅዳሜ። ማታ ከአንድ ሰዓት በኋላ በረዶ ወረደ። የእንቁላል ያህል ነው። የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ይዤ ወጣሁ። ሁለቱን እግር ደፋሁበት። ለሦስተኛው ሳፋ አልነበረኝም። ተቆራረጠ። ስሙ የተጻፈበት ፕላስቲክም ተሰባበረ። ትከሻዬን መታኝ። የመኪናው መስታወት ረገፈ። ኣስካሉ አንተ ሰው ነህ ወይ አለችኝ። ያበበው ዘንድሮ ገና የመጀመሪያው ነበር።»

«ብያለሁ» አሉ ወይዘሮ ኣስካሉ ከበሩ። «አሁንም እላለሁ።»

ትምኒት ደብተሩን እንደያዘች ድንገት ቀና አለች። «ዌይት። ዌይት። ኢንሹራንስ!»

ስልኳን አወጣች። ያን ማታ በረዶው እንዳቆመ ለኢንሹራንስ ብላ ቤቱን ዙሪያውን ፎቶ አንስታ ነበር። እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ። ጣቷ የስልኩን መስታወት ወደ ታች፣ ወደ ታች ይገፋል። የአምስት ዓመት ፎቶ በፊቷ አለፈ፤ ልደት፣ በዓል፣ በረዶ፣ ምግብ። አቶ ወልደየስ ይህን ሁሉ ቆመው ጠበቁ። ባይኖርስ? አጥፍታው ከሆነስ?

«አገኘሁት» አለችና ስልኩን ለኦፊሰሯ ዘረጋችላት።

በፎቶው ላይ ፕላስቲክ የለበሰው የቤቱ ግድግዳ በመዶሻ የተደበደበ ይመስል ተበሳስቷል። መሬቱ ነጭ ነው። ትምኒት ያነሳችው ግድግዳውን ነው፤ ግን ከፎቶው ጥግ አጥሩ ጋ ሰማያዊ ሳፋ በአንድ እጅ ከፍ ተደርጎ ይታያል፤ ከሥሩ ሁለት ቢጫ ጫማ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሳፋውን የያዘው ሰው ጀርባው ብቻ ነው የሚታየው። ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቋል። ከላይ ቀኑ በፈረንጅ ተጽፏል፤ ጁን 13፣ 2020።

ኦፊሰሯ ፎቶውን በሁለት ጣቶቿ አሰፋችው። የአጥሩን እንጨት አየች፤ ቀና ብላ ጓሮውን አየች። እንደገና ስልኩን። የጻፈችውን ገጽ አንድ ረጅም መስመር ሰረዘችበት።

«ስላስቸገርኳችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች። «እነዚህ የእርስዎ ናቸው።»

ትምኒት አስተረጎመች። ወይዘሮ ኣስካሉ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፍተው መልሰው ያዙት። አቶ ወልደየስ ግን ፍርሃቱ አልለቀቃቸውም። ሴትዮዋ መንገድ ልትጀምር ነው። በጎን በር ትወጣለች፤ ታልፋለች፤ አለቀ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቀኝ እጃቸውን ያነሣሉ። ቅዳሜ ከረጢት የሞላው ያው እጅ ነው። ተክል አልወሰድኩም ብለዋል። ብናገር ይጽፉኛል። ዝም ብል ማንም አያውቅም፤ እኔ ግን ከዛሬ ጀምሮ ነጭ መኪና ባለፈ ቁጥር እደነግጣለሁ።

«ሚስ» አሉ።

ቆመች።

እንግሊዝኛው ጠፋባቸው። የቀራቸውን ሰበሰቡ። «ኒድል። አይ ቴክ ኒድል። ሳተርዴይ።»

የሴትዮዋ ፊት ተለወጠ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች፤ ዓይኗ ወደ ክንዳቸው ሄደ።

«አባዬ!» አለች ትምኒት። «ምን መርፌ? ምን መርፌ ነው የወሰዱት?»

«የምን መርፌ አመጣ ደግሞ!» አሉ ወይዘሮ ኣስካሉ።

አቶ ወልደየስ በእጃቸው ቆዩ አሏቸው። ወደ ጋራዡ ሄዱ፤ ከረጢቱን አቅፈው ተመለሱና በሴትዮዋ እግር ሥር አፉን ከፈቱት። የጥድ ሽታ ወጣ። «ሽማግሌው ይህን የጥድ ርጋፊ ኒድል ነበር የሚለው» አሉ። «የረገፈውን ነው። ከዚያው ደን ነው። ሥዕሉን አይቼዋለሁ። በየዓመቱ ወስጃለሁ። በይ ንገሪያት፣ አንድም አታስቀሪ።»

ትምኒት ነገረቻት። ኦፊሰሯ እጇን ከረጢቱ ውስጥ ከታ ጭብጥ ሙሉ ቡናማ ርጋፊ አወጣች። ከንፈሯ ሊስቅ ጀምሮ ተወው።

«ይህም አይወሰድም» አለች። «የረገፈው ለዚያው ለደኑ ነው። ከሥሩ የሚበቅለው ሁሉ ይህን ይለብሳል።»

ቢጫ ወረቀት አውጥታ ስማቸውን ጠየቀች። ፊደል በፊደል ጻፈችው። አቶ ወልደየስ እስክሪብቶዋ ሲንቀሳቀስ ቆመው አዩ። ከዚህ በፊት ስማቸው በእንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ሲጻፍ ሳይሸሹ የቆሙበት ቀን አልነበረም።

«ዋርኒንግ ነው» አለች ትምኒት ቀስ ብላ። «ማስጠንቀቂያ እንጂ ክስ አይደለም። የመሐላውን ጠይቄያታለሁ፤ አይነካውም አለች። ግን ከረጢቱን ወደ ቦታው ይመልሱ ብላለች። ሌላ ጊዜ ከራሳችን ሰፈር ዛፍ ካለው ሰው ይለምኑ።»

ቅዳሜ ዕለት መኪናውን ሙሉጌታ ነዳ፤ አቶ ወልደየስ እጃቸውን አላመኑትም።

«የሌባ ሹፌር ሆንኩ» አለ ሙሉጌታ። «ሰው ወርቅ ይመልሳል። አንተ ቆሻሻ ትመልሳለህ። ያውም ቤንዚን ጨርሰህ።»

«ዝም ብለህ ንዳ።»

ከካሜራው ሥር አቆሙ። ሙሉጌታ ወንበሩን ወደ ኋላ ለቆ ዓይኑን ጨፈነ። አቶ ወልደየስ ከረጢቱን ተሸክመው ገቡ፤ ሥዕሉን አልፈው፣ ጥዶቹ ሥር ደረሱ። ርጋፊውን በጭብጥ በጭብጥ፣ ካነሡበት ቦታ ሁሉ በተኑት።

ከረጢቱ ሊያልቅ ሲል ጉድጓዱን አዩት። ከመንገዱ አሥር እርምጃ ያህል ይርቃል፤ ዙሪያው በቢጫ ገመድ ታጥሯል። ቀረብ ብለው አጎነበሱ። ጠባብ ነው፤ ከአንድ ሰፌድ አይበልጥም። ለዘጠኝ አገዳ የሚሆን ሥር በዚያ ውስጥ አይወጣም። በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ የተቆረጡ ሥሮች ነጭ ነጭ ሆነው ቀርተዋል። የወሰደው ሰው ጫፉን ብቻ ነው የወሰደው። ይህን ጊዜ በሆነ ጓሮ ቅጠሉ እየጠወለገ ነው፤ ውኃ ያበዛበት ይሆናል፤ አይድንም። ሐሙስ ጎህ ሲቀድ የረገጡት አካፋ ትዝ አላቸው።

የመጨረሻውን ጭብጥ ከገመዱ ውጭ ዘሩት።

ያን ጊዜ ከኋላቸው የጎማ ድምፅ ጠጠር ላይ ሲንከባለል ሰሙ። ዞሩ። ነጭ ፒክአፕ ነው። ግራ እጃቸው በልማዱ ከረጢቱን ጠቅልሎ ከጃኬታቸው ሥር ሊከት ጀመረ።

እጃቸውን አቆሙት። ከረጢቱን መልሰው ዘረጉት፤ ባዶነቱ ከሩቅ እንዲታይ አፉን ወደ ታች አድርገው ያዙት፤ የፒክአፑ በር እስኪከፈት ድረስም እዚያው ቆመው ጠበቁ።